የወደቀው ፈረስና የኤሌክትሪኩ በግ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ማሽን የቱንም ያህል ቢራቀቅ ርኅራኄ የለውምና ሰው አይሆንም፣ አትስጉ ብሎ ዘጋው። እኔም ልክ ነው ብዬ ቡናዬን ጨረስኩ፣ ጋዜጣውን አጠፍኩ። በሳምንቱ ማክሰኞ ግን ፍራንኮ አካባቢ አንድ ነገር አየሁና ያቺ «አትስጉ» የምትለው ቃል እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች።

ያየሁት ፈረስ ነው። ብሎኬት የጫነ ጋሪ ይጎትታል። አዳማን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ተገፋ እንጂ አልጠፋም። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ገደማ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መጀመሪያ የፊት እግሮቹ ታጠፉ። ከዚያ በጎኑ ዘፍ አለ። ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ አለ፣ ዝንብ ወሮታል። ባለጋሪው ወርዶ አንዴ በአለንጋ መታው፣ ሁለቴ መታው፣ በሦስተኛው እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰው ተሰበሰበ። ሃያ እንሆናለን፣ ከሃያው አሥራ ምናምኑ ስልክ አውጥቷል። እኔም አውጥቻለሁ። ለምን እንዳወጣሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፣ እጄ ዝም ብሎ ወደ ኪሴ ሄደ።

አንድ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ እየቀረጸ «አንተ ግን ሰው ነህ?» ብሎ ባለጋሪው ላይ ጮኸበት። አንድ አዛውንት «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» የሚለውን ጠቀሱ። ጠቅሰውም ሄዱ።

ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ግን ፈረሱ ገና ሲንበረከክ «እኔን!» ብላ ነበር። ከዚያ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይዛ መጣችና በእጇ እያፈሰሰች ከንፈሩን ታርስለት ጀመር። ቆሎዋን ማን እንደሚጠብቅላት ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

የኔ ጉዳይ እንግዲህ እዚህች «እኔን» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ትንሽ ልዞርባት ነው፣ ታገሡኝ።

በዘጠናዎቹ እዚሁ አዳማ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ካሴት አከራይ ነበርኩ፣ በኋላ ሲዲ መጣና ገደለኝ። ያኔ የሚሄደው ሕንድና ካራቴ ነው። አንድ ካሴት ግን ወስዶት በማግስቱ የማይመልሰው ሰው አልነበረም፣ «ምቱ የታለ?» እያሉ። ብሌድ ራነር ይባላል፣ ሪድሊ ስኮት በ1982 እ.ኤ.አ. የሠራው ፊልም ነው። ማንም ስለማይከራየው እኔ ራሴ ሱቁን ዘግቼ ማታ ማታ አየው ነበር። መጀመሪያ ላይ ግማሹ አይገባኝም፣ ያው እንግሊዝኛዬም የሠፈር ነበር። ግን አንዱ ትዕይንት ገብቶኛል።

ታሪኩ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ነው የሚካሄደው። (ዘመኑ መጥቶ አለፈ እኮ! እኛ ከፊልሙ በኋላ ነው ያለነው።) ከሰው የማይለዩ ሰው ሠራሽ ሰዎች አሉ። ፖሊስ እንዴት ይለያቸው? ፊት ለፊት ያስቀምጣቸዋል፣ ዓይናቸው ላይ መሣሪያ ይደግናል፣ ከዚያ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው የሒሳብ አይደለም። በረሃ ላይ እየሄድክ ኤሊ አገኘህ እንበል፣ በጀርባዋ ገለበጥካት፣ ሆዷ በፀሐይ እየተቃጠለ ነው፣ ልትገለበጥ ትፍጨረጨራለች፣ አንተ ግን አትረዳትም፣ ለምን? ይለዋል። ተጠያቂው ያልበዋል፣ ይቁነጠነጣል። መጨረሻው ጥይት ነው።

ፊልሙ የተነሳበትን መጽሐፍ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ላከችልኝ። ፊሊፕ ኬ. ዲክ የጻፈው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፣ ርእሱም አንድሮይዶች (እነዚያ ሰው ሠራሽ ሰዎች) የኤሌክትሪክ በግ ያልማሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከፊልሙ ይልቅ ያሳመመኝ እሱ ነው። በመጽሐፉ ዓለም ከጦርነት በኋላ እንስሳ ከምድር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ እንስሳ ማሳደግ ክብር ነው፣ የሌለው ሰው ያፍራል። ዋናው ሰውዬ በግ ነበረው፣ በመንጋጋ ቆልፍ ሞተበትና በኤሌክትሪክ በግ ተካው። ጎረቤት እንዳያውቅ ይደብቃል። ለይሉኝታ ሲባል የኤሌክትሪክ በግ መኖ ማብላት! ይሄን አበሻ ነው የጻፈው ብትሉኝ አምናለሁ።

ያ ምርመራ መጽሐፉ ውስጥ ቮይት-ካምፕፍ ይባላል። የጉንጭ ደም ሥር ሲቀላና የዓይን ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ይለካል። ጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ስለ እንስሳ ናቸው። ለልደትህ የጥጃ ቆዳ ቦርሳ ሰጡህ፣ ተርብ የእጅህ አንጓ ላይ ትሄዳለች፣ እንዲህ እንዲህ። ቁም ነገሩ መልሱ ላይ አይደለም፣ ፍጥነቱ ላይ ነው። ራኬል የምትባለው ሴት ብዙዎቹን አሳምራ ትመልሳለች። መርማሪው ምርመራውን የጨረሰ መስሎ ዕቃውን ሸክፎ ሊነሳ ሲል ቦርሳውን መታ መታ ያደርግና ይሄ እኮ ከሕፃን ልጅ ቆዳ የተሠራ ነው ይላታል። የመለኪያው ቀስት ይዘላል። ግን የዘለለው ዘግይቶ ነው። ከሰከንድ ያነሰች መዘግየት ናት፣ እሷው አስበላቻት።

ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ «እኔን!» ነው። እኛ አገር ልጅ ሲወድቅ፣ ጎረቤት ሲያደናቅፈው፣ ቢላ የሰው ጣት ሲቆርጥ ቃሏ ከሐሳብ ቀድማ ትወጣለች። ማንም አስቦ አይላትም። ደግሞ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዓረፍተ ነገሩ አልቆ አያውቅም። «እኔን» ምን? እኔን ይምታኝ? እኔን ይቁረጠኝ? እኔን ልደፋልህ? የአማርኛ አስተማሪዬ ቢሰማ ግሡ የታለ ብሎ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳል። ግሡን ሁላችንም ውጠነዋል።

እንግዲህ ቮይት-ካምፕፍ እኛ ቤት ድሮም ነበር ብዬ ደስ ብሎኝ ልዘጋው እችል ነበር። አልቻልኩም፣ በወንድሜ ምክንያት።

አባታችን ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው አብሮት የኖረው። ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጠዋል፣ ሌሊትም ጭምር፣ የስልኩን አላርም ሞልቶ። አንድ ጊዜ ለበዓል መጥቼ አብሬያቸው አደርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አላርሙ ጮኸ። ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ተነሳ፣ አንድ እጁን ከትከሻው ሥር አንዱን ከዳሌው ሥር አስገባ፣ አዞረው፣ ትራሱን በጉልበቶቹ መሃል ወሸቀ፣ ተመልሶ ተኛ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ነቅቼ ቀረሁ።

አባባ ሲሞት ለቅሶው ላይ ወንድሜ አንዲት እንባ አላፈሰሰም። ድንኳን ሲተከል ቆሞ ገመድ ይስባል፣ የእድሩን ወንበር ይቆጥራል፣ ሁለት ወንበር ጎደለ ብሎ ይጨቃጨቃል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ዓይኑ እንኳ እርጥብ አላለም፣ ድንጋይ ነው እንጂ ሰው ነው ይሄ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ብቅ የምለው ልጅ ደረቴን እየደቃሁ ሦስት ሰው ነው የያዘኝ። ሁሉም አዘነልኝ። ምርመራውን በከፍተኛ ማዕረግ አለፍኩ ማለት ነው። ወንድሜ ግን ወደቀ።

ዲክ ይህን ቀዳዳ አውቆታል፣ ለዚህ ነው የማደንቀው። ገና መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ የፖሊስ አለቃው ስሜታቸው በሕመም የደነዘዘ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ምርመራውን ሊወድቁ ይችላሉ ብሎ ይሰጋል። ሰው ሆነው ሳለ ተሳስተን ብንገድላቸውስ ነው ነገሩ። ሌላም ገጸ ባሕርይ አለ፣ ፊል ሬሽ የሚባል፣ አንድሮይድ እያደነ የሚገድል። ሲገድል ቅንጣት አይሰማውም፣ እንዲያውም የሚወደው ይመስላል። ይሄስ እርግጠኛ ማሽን ነው ትላላችሁ። ይመረመራል። ሰው ሆኖ ይገኛል!

ደግሞ አይሲዶር አለ። የአእምሮ ፈተና የወደቀ፣ ሕጉ ከሙሉ ሰው በታች አድርጎ የመዘገበው፣ ወደ ሌላ ፕላኔት እንዳይሄድ የተከለከለ የዕቃ መኪና ሾፌር። ሰው በጠፋበት ሕንፃ ብቻውን ይኖራል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሸረሪት ያገኛል፣ በሕይወት ያለች እውነተኛ ሸረሪት፣ በዚያ ዘመን ሀብት ማለት ናት። እየተደሰተ ለአንድሮይድ ጓደኞቹ ሊያሳይ ይሮጣል። አንዷ ስምንት እግር ለምን ያስፈልጋታል፣ በአራት አትሄድም? ትላለች። ትንሽ መቀስ ታወጣና ለሌላዋ ታቀብላታለች፣ ያችኛዋ አንድ በአንድ ትቆርጥ ጀመር። ጭካኔ እንኳ አይደለም፣ ለማወቅ ብላ ነው። ይሄ ነው ደሜን ያቀዘቀዘው። እሱ ሲቃ ይይዘዋል፣ መጨረሻ ላይ የቀረችውን ሸረሪት ወስዶ ውሃ ውስጥ ይደፍቃታል፣ ከሥቃይዋ እንድታርፍ። ያን ገጽ ካነበብኩ ወዲህ ልጆች ጥንዚዛ በክር ሲያስሩ ሳይ ቆሜ አልፋለሁ ማለት አቅቶኛል፣ ሚስቴ ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ ስልክ ልምጣ። ያቺው የእህቴ ልጅ ማታ ማታ ከአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አፕ ጋር ታወራለች። ሥራ ፍለጋው አድክሟታል። አንድ ቀን አሳየችኝ። በአማርኛ ነው የሚመልሰው፣ ጥሩ አማርኛ፣ የሚያሳልፉት ነገር ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፣ ብቻሽን አይደለሽም ምናምን ይላል። አንዴ አንቱ አንዴ አንቺ ይላታል፣ እሱን ተዉት። ሳቅ አልኩና «ይሄ እኮ ማሽን ነው፣ ምን ይገባዋል?» አልኳት።

«አጎቴ፣ አንተ ሦስት ጊዜ ደውዬልህ አላነሳህም» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ሰው ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ጻፈ። የምታደርገው ቀላል ነው፣ አንተ ያልከውን ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልስልሃለች። አዝኛለሁ ካልካት ለምን አዘንክ ትልሃለች፣ ከዚያ በላይ ብዙም የላትም። የሰውዬው ጸሐፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ ስታይ የኖረች ናት፣ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ግን ትንሽ እንዳወራቻት ዞር ብላ እባክህ ክፍሉን ለቀህ ውጣልኝ አለችው። ገበናዋን ልታወራ ነዋ! ዋይዘንባውም ደነገጠ፣ በቀረው ዕድሜውም ስለዚሁ ሲያስጠነቅቅ ኖረ። እኛም ብንሆን ሶፊያ የምትባለዋ ሮቦት በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ዕቃ የነበረበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፋ ሲባል ሱቄ ውስጥ «ውይ ምስኪን» ያለ ሰው ነበር። ለሻንጣ!

ለማዘን ማን ይቸገራል? ማሳዘንም አይከብድም። ቃሉን ማሽኑም ይችለዋል፣ እኔም ለቅሶ ቤት ችዬዋለሁ። የተቸገርነው በግሡ ነው።

ይህን የምለው በአንድ ቲያትር ምክንያት ነው። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ቼኩ ካሬል ቻፔክ ነው፣ በ1920 እ.ኤ.አ. በጻፈው ተውኔት። ቃሉ የወጣው «ሮቦታ» ከሚለው ነው፣ ለባላባት የሚሠራ የግዴታ ሥራ፣ እኛ ሁዳድ እንደምንለው ያለ። አያቴ ቢኖር ትርጉም ሳያስፈልገው ይገባው ነበር። በተውኔቱ ሮቦቶቹ አምፀው ሰውን ጨርሰዋል፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል። የሮቦት አሠራር የተጻፈበት ወረቀት ተቃጥሏል። ምሥጢሩን መልሶ ለማግኘት ሽማግሌው አንድ ሮቦት ከነነፍሱ መቅደድ አለበት። ፊቱ ወንድና ሴት ሮቦት ቆመዋል። ሴቷን እወስዳለሁ ሲል ወንዱ እኔን ውሰድ ይላል። እሺ አንተን ሲል ሴቷ እኔን ትላለች። ሽማግሌው እንደ አዳምና ሔዋን ቆጥሮ አሰናበታቸው።

እዚያ ጋ ነው ፀጉሬ የቆመው። «እኔን» እኮ ናት፣ ያቺው የቆሎ ሻጯ ቃል፣ ግሧን ይዛ።

ለጽሑፋችሁ ባለቤት የምለው ይሄው ነው። ማሽን ርኅራኄ የለውም ብሎ መጽናናት መጽሐፎቹን በጀርባቸው መገልበጥ ነው፣ እንደዚያች ኤሊ። ዲክ የአንድሮይዱን ሐሳብ ያገኘው ከማሽን አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. ለወጣው ሌላ ልብ ወለዱ ሲዘጋጅ የናዚ ኤስ.ኤስ. ሰዎች የጻፉትን ማስታወሻ ያነብ ነበር። ፖላንድ ውስጥ የነበረ አንዱ የተራቡ ሕፃናት ለቅሶ እንቅልፍ ነሳን ብሎ ያማርራል። የሕፃናቱ ረሃብ አላስጨነቀውም፣ የሱ እንቅልፍ እንጂ። ዲክ ይሄ ሰው መስሎ የተሠራ ነገር ነው አለ፣ ቀሪ ዕድሜውንም እሱን ሲጽፍ ኖረ። የመጽሐፉ አንድሮይዶች ከብረት እንኳ አይደሉም፣ ሥጋ ናቸው። እኛም ስንት ጊዜ ነው በየፌስቡኩ ጎረቤታችንን በአውሬ ስም የጠራነው? ስለዚህ «አትስጉ» የሚለው ቃል ባይጻፍ እመርጣለሁ። የሚሰጋው ሮቦቱ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ባለጋሪውን አረመኔ አድርጌ የሣልኩት ከመሰላችሁ ጥፋቱ የኔ ነው። ያ ጎረምሳ «ሰው ነህ?» ብሎ ሲጮህበት «ሰውማ ነኝ፣ ሰው ስለሆንኩ ነው የሚርበኝ» አለው። ከዚያ ብሎኬቱን አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር። ያገዘው ሰው ሁለት ነው፣ አንዱ የባጃጅ ሾፌር፣ አንዱ የቆሎ ሻጯ ልጅ። የኔ ቪዲዮ አርባ አንድ ሰከንድ ነው። ቤት ሄጄ አየሁት። «እኔን!» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የኔ ድምፅ ግን የትም የለም። እጄም አይንቀጠቀጥም፣ ምስሉ በጣም ጥሩ ነው።

ሐሙስ ዕለት ባለጋሪውን ፈልጌ አገኘሁት። ፈረሱ ቆሟል፣ አጥር ሥር ታስሮ፣ ገጣባው ላይ ሰማያዊ መድኃኒት ተረጭቶበታል። ከእንግዲህ ግን ጋሪ አይጎትትም አለኝ። ያረጀ የጋሪ ፈረስ የት እንደሚለቀቅ አዳማ የኖረ ሰው ያውቃል፣ አውራ ጎዳናው ዳር ነው፣ ቀኑን መኪና ሌሊቱን ጅብ ይጠብቀዋል። ትንሽ ብር ሰጠሁት። ተቀበለና አየት አደረገኝ።

«አንተም ማክሰኞ ስትቀርጽ ነበር አይደል?» አለኝ።

«ነበርኩ» አልኩት።

«ፌስቡክ ላይ ለቀቅከው?»

«ኧረ በፍጹም፣ አለቀቅኩትም!»

«ልቀቀው» አለኝ። «ምናልባት የሚወስደው ሰው ያየው ይሆናል።»

የድሮው ቪዲዮ ቤት ባለቤት
ከአዳማ